ናፍታ የነካው ውኃ

መኪናዬ ውኃ ትጠጣ ነበር። በወር አንዴ ጎደል ስትል የሚጨመርላት ዓይነት አይደለችም፤ ጅቡቲ ከተማ ካለው ሰፈሬ ከካርቲየ 6 ተነሥታ ፒኬ 12 ደርሳ እስክትመለስ አንድ ጀሪካን ትጨርሳለች። አሮጌ የናፍታ ቫን ናት። ስገዛት የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ቆሞ ነበር፤ ከመቆሙ በፊት ስንት ዙር እንደ ዞረ የሚያውቀው አንድዬ ብቻ ነው። የሸጠልኝ ሰውዬ "ብዙ አልሠራችም፣ ወላሂ" ሲለኝ የሾፌሩን ወንበር አየሁት። ስፖንጁ አልቆ ሽቦው ቂጥ ይወጋል። ብዙ ያልሠራች መኪና እንዲህ አትሆንም፤ እያወቅሁ ገዛኋት። ከዚያ በፊት ዐሥራ አራት ዓመት የሰው ተሳቢ እየነዳሁ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ተመላልሻለሁ። ወገቤ አልቆ ነበር፣ የራሴ የምለው ነገርም አማረኝ።

ሥራዬ ቀላል ነው። ከአገር ቤት የመጣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ድንች ከከተማው ዐሥራ ሁለተኛ ኪሎ ሜትር ላይ ከባድ መኪኖቹ ከሚቆሙበት ከፒኬ 12 እቀበልና ለገበያ፣ ለሆቴል፣ አንዳንዴም ከከተማ ወጣ ብለው ላሉ የሠራተኛ ካምፖች አደርሳለሁ። ባለቤቴ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚሉት የሀብታም ሰፈር አንድ የፈረንጅ ቤት ትሠራለች፤ እዚያው ነው የምታድረው። ሐሙስ ማታ ትመጣና ዓርብን አብረን እንውላለን። በቀረው ቀን ቤት ውስጥ የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ከሰው ይልቅ ከመኪናዋ ጋር ነው የማወራው። ስትሞቅ እሰድባታለሁ፣ ስትነሣልኝ አመሰግናታለሁ።

የጅቡቲን የቧንቧ ውኃ የቀመሰ ያውቀዋል፣ ጨው ጨው ይላል። ራዲያተር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ብረቱን ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል። ከደጋ የመጣ አዲስ ሾፌር መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውኃ ያው ውኃ ነው ብሎ ከቧንቧ ይሞላና ጥቂት ወር ሳይቆይ ራዲያተሩ ላዩ ሁሉ ማልቀስ ይጀምራል። እኔ ይህን በተሳቢው ዘመን ስለተማርኩ የቀድሞ ባልደረቦቼን አስቸግራለሁ። ባዶ ጀሪካኖቼን ይዘው ይሄዳሉ፣ አዋሽ ላይ ወይም ሌላ የመሸባቸው ቦታ ሞልተው ያመጡልኛል። ጀሪካኖቹ ቢጫ ናቸው፣ የዘይት ነበሩ። የአገሬን ውኃ ለመኪናዬ አጠጣለሁ፣ እኔ ግን የታሸገ እጠጣለሁ። ሲያስቡት ይገርማል።

ታዲያ ጥሩ ውኃ ጠላቱ ብዙ ነው። ፒኬ 12 ላይ መኪናዬን አቁሜ ዕቃ ስጭን ጫኙ መጥቶ ይጎነጫል፣ ጥበቃው ይጎነጫል፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ "የአዋሽ ነው አሉ!" እያለ ይቀዳል። ውኃ አይከለከልም ብዬ ዝም እል ነበር። አንድ ቀን ግን ጋቦዴ እስር ቤት መታጠፊያው ላይ መኪናዋ ፈላች። ወርጄ የኋላውን ከፈትኩ፤ ሁለቱም ጀሪካን ባዶ። ቅጥል አልኩ! ጎትተው ሲወስዱኝ የማውቃቸውን ስድቦች ሁሉ፣ በአማርኛም በሶማልኛም፣ አንድ በአንድ ጨረስኳቸው።

በማግሥቱ ይህን ለአንድ አንጋፋ ሾፌር ነገርኩት። መንገዱ ላይ ካረጁት አንዱ ነው። ከት ብሎ ሳቀብኝ።

"አንተ ሞኝ ነህ እንዴ?" አለኝ። "ለእያንዳንዱ ጀሪካን አንድ ክዳን ናፍታ ጠብ አድርግበት። መኪናው ምንም አይሆንም። ሰው ግን አንዴ ካሸተተው ሁለተኛ አይደርስበትም።"

"ኃጢአት አይሆንም?"

"የማን ኃጢአት? ለመኪናህ ነው ያስመጣኸው። ለሰው ብለህ መቼ አመጣኸው?"

ነገሩ ጥሩ መስሎ ታየኝ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የጨመርኩበት ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ጥበቃው መጥቶ ክዳኑን ከፍቶ አሽትቶ ፊቱን ሲያጨማድድ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ብቻዬን ስቄአለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አልነካብኝም። ጀሪካን በመጣልኝ ቁጥር አንድ ክዳን ናፍታ እጨምርበታለሁ፤ እጄ ለመደው፣ እንደ ጨው መጨመር ሆነብኝ።

እሷን ያገኘኋት በሐምሌ ነው። ኻምሲን የሚሉት ነፋስ በሚነሣበት ወር፣ አሸዋው ጥርስ ውስጥ ሳይቀር በሚገባበት ጊዜ። ከዌአ ወዲያ ላለ የድንጋይ ካባ ካምፕ ድንችና ሽንኩርት አድርሼ ባዶዬን ወደ ከተማ እመለሳለሁ። ነፋሱ ከኋላዬ ነው። ሾፌር ያልሆነ ሰው ነፋስ ከኋላ ሲገፋው ጥሩ ይመስለዋል። ለአሮጌ መኪና ግን ክፉ ነው፤ ራዲያተሩ ፊት ለፊት የሚመታውን አየር ያጣና ሞተሩ በገዛ ሙቀቱ ይታፈናል። ፒኬ 20 ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ነካ። ዳር ያዝኩና ኮፈኑን ከፈትኩት።

እጄ ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ የራዲያተሩን ክዳን ቀስ አድርጌ አላላሁት። እንፋሎቱ ሲወጣ ዘወር አልኩ። የራሴን መጠጫ አነሣሁ፤ አንድ ጉንጭ ቀርቷት ነበር፣ እሷንም ጠጣሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጀሪካን አውጥቼ ማንቆርቆር ጀመርኩ። ያ አልቆ ሁለተኛውን ስጀምር ነው ከኋላዬ ድምፅ የሰማሁት።

"ጋሼ።"

ክው አልኩ። ዞር ስል ሴት ልጅ ናት፣ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች፤ በዚያ ሙቀት ሹራብ! ልብሷን ሁሉ ደራርባ የመጣች የደጋ ልጅ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ በእጇ ባዶ ሃይላንድ ይዛለች። ምን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም። በዚህ መንገድ የሚነዳ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ወደ የመን ለመሻገር ወደ ኦቦክ በእግራቸው የሚሄዱ የእኛው ልጆች ናቸው። ብዙ ጊዜ በቡድን ነው የሚሄዱት፣ እሷ ግን ብቻዋን ነበረች።

"ጓደኞቼ ቀደሙኝ" አለችኝ። "እግሬ እምቢ አለኝ። ውኃ ካለዎት ጋሼ፣ ለአፌ ማርጠቢያ።"

"የለኝም እኅቴ።"

እጄን አየችው። ጀሪካኑን እንደ ያዝኩት ነኝ፣ ውኃው ወደ ራዲያተሩ ይንቆረቆራል፣ ድምፁን ሁለታችንም እንሰማዋለን።

"ይኼስ?"

"ይኼ አይጠጣም። ናፍታ ገብቶበታል።"

"ግድ የለም።"

"መርዝ ነው እያልኩሽ!"

"ለመኪናው ሲሰጡት አየሁ እኮ" አለች፣ ዝግ ብላ።

ተናደድኩ። በእሷ ላይ ምን የሚያናድድ ነገር አለ? ግን ተናደድኩ፣ ጮኽኩባት። ውሸታም ያደረገችኝ መሰለኝ። ጀሪካኑን ከዓይኗ ለማራቅ መኪናውን ዞሬ በወዲያኛው በኩል ከኋላ ጎማ ሥር አስቀመጥኩት። ናፍታውን የጨመርኩበት እኔ ነኝ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ዕቃው በራሱ የተበላሸ አስመሰልኩት።

አሳፍረህ አትወስዳትም ነበር ወይ የሚል ሰው ይኖራል። ልወስዳት እችል ነበር። ወረቀት የሌለው ሰው ጭኖ የተገኘ ሾፌር መኪናው ይወረሳል ይባል ነበር፤ እውነት ይሁን ውሸት አጣርቼ አላውቅም፣ ያን ዕለት ግን አመንኩት። ዐሥራ አራት ዓመት የሰው ነድቼ ያገኘኋት መኪና ናት ብዬ አሰብኩ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ልፈልግለት ብዙ ሞክሬአለሁ።

"እመለሳለሁ" አልኳት። "ፒኬ 12 ሄጄ ንጹሕ ውኃ ይዤልሽ እመጣለሁ። ከዚች ግራር ሥር እንዳትነሺ፣ እሺ?"

"ይመለሳሉ?"

"እናቴ ትሙት!"

እናቴ ከሞተች ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ልጅቱ ግን አመነችኝ። ሄዳ እዚያች አጭር ግራር ሥር ተቀመጠች፣ ባዶዋን ሃይላንድ ጭኗ ላይ አደረገች። ኮፈኑን ደፍቼ ሞተሩን አስነሣሁና ነዳሁ። በመስታወቱ ሹራቧ እስኪጠፋ አየኋት። ምስኪን፣ ቶሎ እመለስላታለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ብትቆይ ነው እያልኩ ለራሴ አወራለሁ።

ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄድኩ መርፌው ደግሞ ወጣ። ቆምኩ። ወርጄ የኋላውን በር ከፈትኩ። ያለው አንዱ ባዶ ጀሪካን ብቻ ነው። ለቅጽበት አልገባኝም። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ የደበቅኩት እዚያው ቀርቷል። እኔ ስሄድ የጋረደው ጎማ ከፊቱ ተነሥቶ፣ ግማሽ ውኃ እንደ ያዘ፣ መንገዱ ዳር ገላጣው ላይ ለብቻው ቆሟል። ከግራሯ ዐሥር እርምጃ አይርቅም።

ሞተሩ እስኪበርድ ስንት ቆየሁ? ሰዓት አልያዝኩም፣ አንድ ሰዓት ይሆናል ወይም ይበልጣል። ያለፈውን መኪና ሁሉ እጄን ዘርግቼ ለመንኩ። የጫት ሰዓት ነው፣ አቧራውም ዓይን አያስገልጥም፣ ማን ይቁምልኝ? በእግሬ ልመለስ ብዬ ትንሽ ሄድኩና ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ፣ አፌ ሲደርቅ፣ ተመለስኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በባዶ አፍ መንገዱን መሄድ ፈራሁ፣ እሷ ግን ከየት ጀምሮ እንደዚያ እንደ መጣች እንጃ።

በመጨረሻ እየቆምኩ፣ እያበረድኩ ፒኬ 12 ደረስኩ። አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ራዲያተሬን ሞላልኝ፣ ስድስት የታሸገ ውኃም ሰጠኝ። "ምን ሆነሃል፣ ፊትህ አመድ መስሏል?" ሲለኝ "ሙቀቱ ነው" ብዬ ዞርኩ። ስመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ሆነልኝ፤ መርፌው ወረደ፣ ሞተሩ እንደ አዲስ ሄደ። መኪናዬ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አምሮባት ሄዳ አታውቅም። ይህም እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ከግራሯ ሥር ማንም የለም።

ጀሪካኑ ካስቀመጥኩበት ተነሥቶ ጥላው ውስጥ ተጋድሟል። አነሣሁት፣ ቀለለኝ። ባዶ ነው። ክዳኑ ግን በደንብ ተገጥሟል። ሰው ቤት እንግዳ ሆና የሄደች ይመስል፣ ተጠቅማ ከድና አስቀመጠችው። አሸዋው ኮቴዋን አጥፍቶታል። "አንቺ ልጅ!" ብዬ ተጣራሁ፤ ስሟን አልጠየቅኳትም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ በመንገዱ ግራና ቀኝ ዞርኩ፣ ሸለቆው ውስጥ ገባሁ፣ ከድንጋዩ ሥር ሁሉ አየሁ። አረንጓዴ ነገር ባየሁ ቁጥር እሮጣለሁ፤ ቀርቤ ሳየው ቁጥቋጦ ነው፣ ወይ ነፋስ ያመጣው ፌስታል። ስድስቱን ውኃ ግራሯ ሥር ደርድሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ምናልባት ሌላ መኪና አንሥቷታል። ምናልባት ጓደኞቿ ተመልሰው ወስደዋታል። ውኃውንስ? ውኃውን ደፍታዋለች አልኩ። ከፍታ ስታሸተው አስጠልቷት፣ ወይ እግሯን ታጥባበት ይሆናል። ናፍታ ያለበት ነገር በሰው ጉሮሮ አይወርድም። ይህቺን ሐሳብ አጥብቄ ያዝኳት፤ እንቅልፍ የምተኛው በእሷ ነበር። ስነቃም መጀመሪያ የምለው እሷኑ ነው፣ ሰው አይጠጣውም። ግን እኔ ራሴ ቀምሼው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ከተማዋ ሹራብ በሹራብ ሆነችብኝ። ጋቦዴ እስር ቤቱ ግንብ ሥር ስንቅ ይዘው ከቆሙት ሴቶች መካከል አየኋት። ባለቤቴን ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሳደርሳት፣ አንድ ኤምባሲ አጥር ሥር ቁጭ ብላ አየኋት፤ መኪናዋን መሐል መንገድ አቁሜ ሮጥኩ። ልጅቱ ቀና ስትል ሌላ ሰው ናት፣ ፈርታ ዕቃዋን ሰብስባ ተነሣች። ባለቤቴ ከመኪናው አልወረደችም፣ በመስኮት እያየችኝ ነበር።

"ማንን ነው የምትፈልገው?" አለችኝ።

"ማንንም።"

"ሴት ነች?"

"ኧረ ተይኝ በእመቤቴ!"

ተወችኝ፣ ግን በሚቀጥለው ዓርብ ብዙም አላወራችኝም። ልነግራት ብዬ አፌን እከፍትና ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራለሁ። ሌላ ሴት ወድጄ ቢሆን ኖሮ መናገሩ ይቀለኝ ነበር።

የባሰውን ልንገራችሁ? ናፍታ መጨመሬን አልተውኩም። ጀሪካን ሲመጣልኝ እንደ ልማዴ አንድ ክዳን እጨምርበታለሁ። ብተወው አጥፍቻለሁ ማለት ይሆንብኛል። ካላቆምኩ ግን ነገሩ የሥራ ጉዳይ ብቻ ነው፣ ሾፌር ሁሉ የሚያደርገው። እንዲህ እያልኩ ወራት አለፉ። መኪናዋ ደግሞ ጥማቷ ባሰባት፤ ለአንድ ምልልስ አንድ ጀሪካን ይበቃት የነበረችው ሁለት ሁለት ትል ጀመር።

ወደ መካኒኩ ወሰድኳት። እዚሁ ካርቲየ 6 ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ያላት ግቢ ውስጥ ብቻውን የሚሠራ አፋር ነው። አሰብ ነው ያደገው፣ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ቁመቱ ረጅም፣ ቃሉ አጭር ነው። አንድ ሕግ አለው፤ ሞተር ሲከፍት ባለቤቱ አጠገቡ መዋል አለበት። "የሆዷን ሳታይ ብትሄድ ነገ ዋሸኸኝ ትለኛለህ" ይላል። እኔን ስሜን አይጠራም፣ ሐበሻው ነው የሚለኝ።

ራዲያተሩን ከፍቶ በጣቱ ነካ አደረገ። ውኃው ላይ ቀለም ቀለም ያለው ቅባት ተንሳፍፏል።

"ጓርኒሲዮኑ ሄዷል" አለኝ። በሞተሩ ራስና በቀፎው መካከል ያለው መዝጊያ ማለቱ ነው፤ እሱ ሲበላ ዘይቱና ውኃው ይቀላቀላል። ለአሮጌ ሞተር ከዚያ የከፋ ወሬ የለም። "መፍታት ነው።"

አፌን ከፍቼ መንገር የነበረብኝ ያኔ ነው። የቅባቱ ምክንያት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ያን ሞተር ፈታው። ቡሎኑ በጨው አየር ዝጎ አልላቀቅ ይላል፣ ብረቱ በሙቀት እጅ ያቃጥላል፣ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። እኔ ቁልፍ አቀብላለሁ፣ አቀብላለሁና ዝም እላለሁ። በጨርቅ የተጠቀለለች የውኃ ኮዳው ከጥላው ምሰሶ ላይ ተንጠልጥላለች፤ እሱ ሲጠጣ ሁልጊዜ ለእኔ አስቀድሞ ነው የሚሰጠኝ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጓርኒሲዮኑን አውጥቶ ወደ ብርሃን ይዞ አገላበጠው። ሙሉ ነው። ቀዳዳ የለው፣ የተቃጠለ የለው። ፊቱ ተለወጠ፤ መሳሳት የማይወድ ሰው ነው። ዞሮ የውኃ ቱቦዎቹን ያዘ፣ ጨመቀ። ላስቲኩ አብጦ ልፍስፍስ ብሏል፣ ከመገጣጠሚያው ይተነፍሳል። አሸተተው። ከዚያ ወደ ቫኗ ሄደ፣ ጀሪካኔን አወጣ፣ ከፈተ፣ አሸተተ።

"ይኼን ማን አደረገው?"

"እኔ።"

"ለምን?"

ነገርኩት። ጫኙን፣ ጥበቃውን፣ ጋቦዴ ላይ የቆምኩበትን ቀን። ይስቃል ብዬ ነበር።

"ውኃ ላይ?" አለ። "ሰው እንዳይጠጣው ብለህ?"

"ሾፌር ሁሉ ያደርገዋል እኮ።"

"ቱቦህን የበላው ናፍታው ነው" አለና ቱቦውን እግሬ ሥር ጣለው። "ቱቦው ሲያብጥ ያፈሳል። ሲያፈስ ትሞላለህ። ስትሞላ ናፍታ ትጨምራለህ። መኪናህን ይበልጥ ያስጠማሃት አንተ ነህ።"

ራሴን ያዝኩ። ያን ዕለት መኪናዋ ባትፈላ ኖሮ እዚያ አልቆምም። ቆሜም ቢሆን ናፍታ የነካው ጀሪካን አይኖርም። እንዲህ እያሰብኩ ሳለ ሳልጠየቅ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ነፋሱን፣ ሹራቧን፣ በሞተች እናቴ መማሌን፣ የተከደነውን ባዶ ጀሪካን። እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠኝ። ከጠረገው በኋላም መጥረጉን አልተወም።

"ጠጣችው?"

"አይ! በጉሮሮ አይወርድም እኮ።"

"ቀምሰኸዋል?"

"አልቀመስኩትም።"

ተነሣ። "ነገ ጠዋት ና፣ እንገጥመዋለን" አለኝ።

በማግሥቱ ቁርሴን በልቼ በጠዋት መጣሁ። አዲስ ቱቦ ገዝቼአለሁ። ሥራውን ጀመርን። ሐምሌ አልነበረም፣ ግን ይህች ከተማ ሙቀቷን ለሐምሌ ብቻ አትተወውም፤ እኩለ ቀን ሲቃረብ ቆርቆሮው ይንጣጣ ጀመር። ውኃ ጠማኝና ወደ ምሰሶው አየሁ። ኮዳዋ የለችም። ረስቷት ይሆናል ብዬ ትንሽ ቆየሁ።

"ኮዳህስ?" አልኩት።

"ዛሬ አላመጣኋትም።"

ቀና ብዬ አየሁት። ከንፈሩ ደርቋል። እሱም ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልጠጣም። ያኔ ገባኝ፤ ኮዳዋን ሆን ብሎ ነው የተዋት። አልተቆጣኝም፣ አልገፋኝም፣ ጥማቱን አብሮኝ ይጠማል እንጂ። መሥራቱን ቀጠለ፤ እኔም ቁልፍ ማቀበሌን ቀጠልኩ። ጫት የደረሰላቸው ሰዎች እየተጠራሩ በደጃፉ አለፉ። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ የመጨረሻውን ቡሎን አጠበቀ፣ ራዲያተሩን አሳየኝ።

"ውኃ ያስፈልገዋል። ውኃህን ታውቃለህ" አለና ለዐስር ሶላት ወደ መስጊድ ሄደ።

ብቻዬን ቀረሁ። ሱቁ ከግቢው በር ዐሥር እርምጃ ነው፣ ማቀዝቀዣው ሲያጓራ ይሰማኛል። አልሄድኩም። ጀሪካኑ ጥላው ውስጥ ነው፣ ክዳኑ ላይ አቧራ አለ። መካኒኩ ቡሎን የሚያጥብበትን ጣሳ ፈልጌ በጨርቅ ወለወልኩትና ቀዳሁ። ውኃው ላይ ያ ቅባት ቀስ ብሎ ዞረ።

ሽታው መጣና ዓይኔን አስነባው። የመጀመሪያው ጉንጭ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣ ሊያስመልሰኝ ምንም አልቀረው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለተኛው ወረደ። ከሦስተኛው በኋላ ሽታው የት እንደ ገባ አላውቅም፤ የሚሰማኝ ቅዝቃዜው ብቻ ነው። ጨው የለውም፣ የአዋሽ ውኃ ነው። እየተንገበገብኩ ጨለጥኩት። ጣሳው ሲያልቅ እጄ በራሱ ጀሪካኑን አነሣና ደግሞ ቀዳ።

መካኒኩ ሲመለስ መሬት ላይ ተቀምጬ ደረቴ በውኃ ርሶ፣ ጣሳውን በሁለት እጄ ይዤ አገኘኝ። ጀሪካኑን አየው፣ እኔን አየኝ።

"ወረደ?"

"ወረደ" አልኩት፣ እንባዬን መግታት አቃተኝ። "ሁለት ጣሳ ጠጣሁ።"

አጠገቤ ቁጭ አለ። እኔ ቁርስ በልቼ የመጣሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ ብቻ የጠማኝ፣ ሱቅ ደጃፌ ላይ ያለ ሰው ነኝ። እሷ ስንት ቀን እንደ ተጓዘች እንኳ አልጠየቅኳትም።